ምስሩ ከድስቱ የት ሄደ?

ደብዳቤው

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ባለቤቴ በቡና መጋዘን የጫኝና አውራጅነት ሥራ ይሠራል። ሥራው ከኅዳር እስከ የካቲት ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ተገኝቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ትልቋ ልጄ አምስተኛ ክፍል፣ መካከለኛው ሦስተኛ ክፍል ናቸው፤ ሁለቱም በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ጋር ይውላል።

ትምህርት ቤቱ ምሳ መስጠት ሲጀምር እልል ብዬ ነበር። መስከረም ላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በዓይኔ አይቻለሁ፦ ሰኞ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ፣ ማክሰኞ ሩዝ በካሮትና በድንች፣ ረቡዕ እንጀራ በምስር ወጥ፣ ሐሙስ ቅንጬ፣ ዓርብ ዳቦ በምስር። ከጥር ወዲህ ግን ልጆቼን ስጠይቅ መልሳቸው ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ቅንጬ፣ ዳቦ በሻይ ሆኗል። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ።

የባለቤቴ እህት ከጎናችን ትኖራለች። ልጇ የግል ትምህርት ቤት ይማራል፤ በምሳ ዕቃው ብስኩት፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ቺፕስ፣ አንዳንድ ቀንም እንቁላል በዳቦ ይያዝለታል። ባለፈው ልጆቼ እየሰሙ "አንቺማ በመንግሥት ሩዝ ታሳድጊያቸዋለሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወንዱ ልጄ "ለእኔም ምሳ ዕቃ ግዢልኝ፣ የትምህርት ቤቱን አልበላም" ይላል። የትልቋን ቦርሳ ሳራግፍ ደግሞ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ አገኘሁ። ለካ ለትንሹ ወንድሟ እያመጣች ነው። ልቆጣት አስቤ እንባዬ ቀደመኝ።

ዕቁብ ደርሶኛል። በዕቁቡ ለሁለቱም ምሳ ዕቃ ገዝቼ ከቤት ልቋጥርላቸው? ወይስ ለትምህርት ቤቱ ልናገር? "በነፃ እየበሉ ያማርራሉ" እንዳንባል፣ ጭራሽ ምሳው እንዳይቀር እፈራለሁ። ደግሞስ ሩዝም ቢሆን ጠግበው ከመጡ ምን ጎደላቸው? ይምከሩኝ።»

መልሱ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ፤ ሌላው ሁሉ የሚፈታው ከእሱ ነው። ጠግበው ከመጡ ምን ጎደላቸው ብለሻል። ምስሩ ጎደላቸው። ቦሎቄው ጎደላቸው። ልጅ በሩዝ ብቻ ሆዱ ሊሞላ፣ እስከ ማታም ሲሮጥ ሊውል ይችላል፤ ጡንቻውና ደሙ የሚሠሩበትን ግን አላገኙም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ፣ እዚያው ጅማ ዙሪያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ መምህራችን ሰሌዳውን በጠመኔ ለሦስት ይከፍሉና «ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ» ብለው ይጽፉ ነበር። እኛ እየወጣን በቆሎን በመጀመሪያው፣ ባቄላን በሁለተኛው፣ ጎመንን በሦስተኛው ሥር እናሰፍራለን። ያንን ሰሌዳ አስቢና የልጆችሽን የአሁን ሳምንት ሙይበት። ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ቅንጬ፣ ዳቦ፤ አራቱም ኃይል ሰጪ ሥር ይገቡና ሁለቱ ዓምዶች ባዶ ይቀራሉ። የመስከረሙን ዝርዝር ብትሞይበት ደግሞ ገንቢው ሦስት ቀን ይሞላል፣ በሽታ ተከላካዩም ቢያንስ በካሮቱ ቀን ይነካል። እንግዲህ ሳህኑ እንደ ድሮው ሞልቶ እየመጣ ምግቡ ጎድሏል ማለት ነው። ማንም ልብ ያላለው ለዚህ ይመስለኛል፤ የተራበ ልጅ ያለቅሳል፣ ምስር የቀረበት ልጅ ግን አያለቅስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበቆሎም፣ የሩዝም፣ የስንዴም ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ክፍል ያንሰዋል። ሰውነት ላይሲን ሲያጥረው የቀረውን ፕሮቲን በሙሉ ለግንባታ ሊያውለው አይችልም፤ ሲሚንቶ ያለቀበት ግንበኛ ድንጋይ ቢከመርለት ሥራው እንደሚቆም ማለት ነው። ቦሎቄ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸዋል፤ እነሱ የሚያንሳቸውን ሌላውን ክፍል እህሉ ያሟላላቸዋል። እናቶቻችን በቆሎና ቦሎቄ አደባልቀው ንፍሮ ሲቀቅሉ የላይሲንን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን አብረው ይቀቅሉ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም ምግብን በየምድቡ ሲከፍል ጥራጥሬን ከእህል ለይቶ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል።

መጠኑም አያስፈራም። ለአንድ ልጅ 30 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ወይም ምስር፣ እፍኝ እንኳ የማይሞላ፣ ወደ 7 ግራም ፕሮቲን ይሰጠዋል። ይህ አንድ እንቁላል ከሚሰጠው አያንስም። ብረቱንና ሌላውንም ጨምሮ። ይህችን 30 ግራም ያዢልኝ፤ ኋላ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ስትሄጂ ትፈልጊያታለሽ።

አሁን ወደ ምሳ ዕቃው እንምጣ። የባልሽ እህት የተናገረችው እንደ ቆረጠሽ ይታየኛል፤ ሰው በልጆቹ ፊት ሲዋረድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የልጇን ምሳ ዕቃ ይዘሽ እዚያው ሰሌዳ ላይ ዘርዝሪው። ብስኩቱ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው። ቺፕሱ ድንች፣ ዘይትና ጨው። የታሸገ ጭማቂ እየተባለ ከሚሸጠው ብዙው ውኃና ስኳር ሆኖ ማጣፈጫና ቀለም የተጨመረበት ነው። ሁሉም ከሩዝሽ ጋር በአንድ ዓምድ ይሰለፋሉ፣ ጥርስ የሚያበላሸው ስኳር በተጨማሪ። እንቁላል በዳቦ በተያዘለት ቀን ግን ልጇ ከልጆችሽ የተሻለ በልቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። የበለጠው በእንቁላሉ ነው። ምሳ ዕቃው ስለተዋበ፣ ብስኩቱ ስለተወደደ አይደለም። የመስከረሙ ድስት ቢመለስ ደግሞ የልጆችሽ ምሳ ከዚያ ምሳ ዕቃ በብዙ ቀን ይበልጣል፤ ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምነግርሽ።

ስለዚህ የዕቁቡን ገንዘብ በምሳ ዕቃ አታጥፊው። ለሁለት ልጆች በየቀኑ ምሳ መቋጠር ባለቤትሽ ሥራ ባጣባቸው ወራት እንደማይዘልቅ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ጀምሮ ማቋረጥ ደግሞ ለልጁ ከመጀመሪያውም የባሰ ኀፍረት ነው። ከዚህም በላይ ልጆችሽን ከድስቱ ስታወጪ አንቺም ከድስቱ ትወጫለሽ። በየትምህርት ቤቱ ስለ ምሳው ሊጠይቁ የሚችሉት ወላጆች ልጆቻቸውን በምሳ ዕቃ ካሸሹ፣ ድስቱ ማንም ለማይናገርላቸው ልጆች ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ምስሩ ጨርሶ አይመለስም። ገንዘቡን ለቤት አውይው። ግቢሽ ቦታ ካለው ሁለት ሦስት ቄብ ዶሮ ግዢ። ቦሎቄ ዋጋው ወርዶ ባገኘሽበት ጊዜም ጥቂት ኪሎ አስቀምጪ። ጅማ እርጥብ አገር ነውና በደንብ ደርቆ፣ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ነቀዝና ሻጋታ እንዳይቀድሙሽ። የሻገተ በቆሎ ደግሞ ታጥቦም ተቆልቶም ለልጅ አይሰጥ፤ መርዙ በእሳት አይጠፋም።

ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለውጪ ብትዪኝ ሻዩን እልሻለሁ። አብዛኞቻችን ልጆቻችንን ዳቦ በሻይ አቁርሰን እንልካለን። ጅማ ነንና ጀበናውም ከእሳት አይወርድም፤ አቦሉና ቶናው ለአዋቂ ቀርቦ በረካው ለልጅ ይቀዳል፣ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ችግሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት እንዳይቀበለው ማገዳቸው ነው። ደም ማነስ ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ነገር አይገባውም፤ መምህሩም ሰነፍ ይለዋል። ለልጆች ሻዩን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው፤ ቡናውን ተይው። በምትኩ ምስሩ ወይም ሽሮው ላይ ሎሚ ጭመቂበት፣ ወይም ከምግቡ ጋር ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ ወይም ፓፓያ ስጪያቸው። በውስጣቸው ያለው ቪታሚን ሲ ያንኑ ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳዋል። አቮካዶ በጅማ ገበያ በወቅቱ እንዴት እንደሚራከስ አንቺው ታውቂያለሽ። ጎመን በአቮካዶ ወይም በጥቂት ዘይት ሲበላ በውስጡ ያለው ለዓይን የሚጠቅመው ንጥረ ነገር ከቅባቱ ጋር ወደ ሰውነት ይዘልቃል።

እንጀራ ጋጋሪ መሆንሽ ደግሞ እንዴት ያለ ዕድል መሰለሽ። ሊጡ ሲቦካ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሽያጭ የተረፈው እንጀራሽ በሽሮ ተፈትፍቶ ጠዋት ቢበላ ከዳቦ በሻይ እጅግ ይሻላል። ሽሮውን ግን ከምታምኛት ሰው ግዢ፣ ወይም ራስሽ አስፈጪው። ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ ይቀላቀላል፤ ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተበላ እግር ያሰንፋል። ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይግባ።

ይህ ሁሉ ግን የቤትሽ ጓዳ ነው። ዋናው ነገር ትምህርት ቤት ያለው ድስት ነው፤ ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

ምስሩ ከድስቱ የወጣው ሌባ ስለ ወሰደው ነው ብለሽ አትጀምሪ። ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የምግብ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ውዱ ነው፤ ከእህል ደግሞ ጥራጥሬ ይወደዳል። በጅማ ገበያ ያለው ምስር አብዛኛው ከሸዋ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የመኪናው ኪራይም ዋጋው ላይ ይደመራል። ቦሎቄው ከዚሁ አካባቢ ይገኛል፣ እሱ ግን ማገዶ ይበላል። ሳይዘፈዘፍ የተጣደ ቦሎቄ ሰዓታት ይፈጃል፤ አብሳይ እናቶች ደግሞ በጠዋት መጥተው ለምሳ ማድረስ አለባቸው። ሩዝ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማገዶ ሲወደድ፣ አብሳዮቹ ቁጥራቸው ሲያንስ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ ቦሎቄው ቀስ ብሎ ከሳምንቱ ይወጣል። የዚህኛው መድኃኒት እንኳ ቀላል ነው፤ ከማታው መዘፍዘፍ። የማብሰያው ጊዜ በጣም ያጥራል፤ መዘፍዘፊያውን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀልም ሆድ ከመንፋት ያድናል።

ሌላው ምክንያት ከአንድ ትምህርት ቤት በላይ ነው። የትምህርት ቤት ምገባ በአገራችን የተጀመረው በ1986 ዓ.ም. ገደማ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ነው። ያን ጊዜ ድስቱ ውስጥ የሚገባው በዕርዳታ የመጣ እህል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በኦሮሚያና በደቡብ ከአካባቢው ገበሬ እየተገዛ የሚቀርብ ምገባ ተጀመረ። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ በጀት ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። በእኛ በኩል ግን በብዙ ቦታ ምገባው ከመንግሥት ከሚመደበው ሌላ በኅብረተሰቡ መዋጮ የቆመ ነው። ሰው ተባብሮ የሌላውን ልጅ ማብላቱ የሚያኮራ ነገር ነው፤ የኦሮሞ ሕዝብ ቡሳ ጎኖፋ ብሎ ሲያደርገው ኖሯል። ነገር ግን መዋጮ ብቻውን ሲሆን ያለው ሰፈር ያለውን ያህል፣ የሌለው ሰፈር የሌለውን ያህል ያበስላል። ቡናው በያዘለት ቀበሌ ያለ ትምህርት ቤት ድስት ውስጥ ባቄላ ይገኛል፤ ቡናው ባልያዘለት ቀበሌ ያው በቆሎ ብቻ። በዚያ ላይ መዋጮው የሚሰጠው ቡና ተሸጦ እጅ ውስጥ ገንዘብ ሲገባ ነው፤ ልጅ ግን በይበልጥ የሚርበው ጎተራው ከተሟጠጠ በኋላ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። ምሳው በጣም የሚያስፈልገው ልጅ፣ በጣም በሚያስፈልገው ወር፣ ከሁሉ የሳሳውን ድስት ያገኛል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ነው ደብዳቤሽን ከሌሎቹ አስቀድሜ የመለስኩት።

ከዚህ የሚያድነው የተጻፈ መለኪያ ነው። እንግሊዝ አገር ለትምህርት ቤት ምሳ የምግብ ይዘት መለኪያ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሕግ መለኪያውን አስቀረው። ምሳው አልቆመም፣ ልጆቹም መጥገባቸውን አልተዉም፤ በሳህኑ ላይ ያለው ግን እየረከሰ ሄዶ መለኪያው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አንድ ሙሉ ትውልድ በዚያ መሐል ትምህርት ቤት ገብቶ ወጣ። ሕንድ ደግሞ ለታችኛው አንደኛ ደረጃ ተማሪ ምሳ 450 ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን ብላ በቁጥር አስፍራለች። ቁጥሩ በየመንደሩ ሁሉ ይፈጸማል ማለት አይደለም። ነገር ግን ቁጥር ካለ አንዲት እናት ጣቷን አስቀምጣ «ይኸው፣ ይህ የት አለ?» ማለት ትችላለች። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለምገባ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች መግዣ እንዲሆን አዛ ነበር። ይህን ሳነብ ከዴዶ ደጋ የሚወርደውን ጎመንና ድንች፣ በየጓሮው የሚረግፈውን አቮካዶ አሰብኩ። በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ገዢ የሚጠብቀው አቮካዶ ከትምህርት ቤቱ አጥር ባሻገር ነው ያለው።

አንቺ ጋ የተጻፈ መለኪያ የለም አትበዪ፤ አለ። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ያ ዝርዝር ትምህርት ቤቱ በገዛ እጁ የጻፈው ቃል ነው። ስለዚህ የምትጠይቂው አዲስ ነገር አይደለም፣ በመስከረም የተባለውን ነው።

ብቻሽን ግን አትሂጂ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ የምታምኛቸውን ሁለት ሦስት እናቶች ያዢ። መጀመሪያ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሳይሆን ወደ አብሳይ እናቶቹ ዘንድ ሂዱ። ምን እንደሚቸግራቸው እነሱ ያውቁታል፤ ማገዶ ይሁን፣ ውኃ ይሁን፣ ቦሎቄው ከመምጣት የቀረው መቼ እንደሆነ ይነግሩሻል። እነሱን ያስቀየመ አቤቱታ ደግሞ የትም አይደርስም። ከዚያ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ቅረቡ። አመስግናችሁ ጀምሩ። ለይምሰል አይሁን፤ በዚህ ኑሮ በየቀኑ ለመቶዎች ልጆች ምሳ ማድረስ ትልቅ ሥራ ነውና። ቀጥላችሁም «ሩዙን አንጠላም፤ ቦሎቄው እንዲመለስ ምን እናግዝ?» በሉ። «በነፃ እየበሉ ያማርራሉ» የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ምሳው የተዘጋጀው ለልጆቹ ነው፣ የሚጠየቀውም ለልጆቹ ነው። እንዲህ ሲቀርብ ምሳውን የሚያስቀር ሰው አይመጣም። የሚያስቀረውስ ምን ብሎ ነው?

ሒሳቡንም ይዛችሁ ሂዱ። ለአንድ ልጅ 30 ግራም ብለናል። ተማሪው 400 ቢሆን ለአንድ ቀን 12 ኪሎ ቦሎቄ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቢበስል 24 ኪሎ። ለአንድ ልጅ ሲታሰብ በወር ሩብ ኪሎ አይሞላም። ሩብ ኪሎ! ይህን ቁጥር ስብሰባ ላይ ስትናገሪው ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ብዙዎቻችን ነገሩን ከአቅማችን በላይ አድርገን ነው የምናስበው። የሚችል ወላጅ በመከር ጊዜ ለልጁ ዓመት የሚሆን ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሰጥ፣ የማይችለው ማገዶ ወይም ጉልበት ቢያዋጣ፣ ምንም የማይችለው ምንም ባይሰጥ፣ ድስቱ ይሞላል። አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ያልሰጠ ወላጅ ልጅ ስሙ እንዳይጠራ፣ ሳህኑም እንዳይቀንስ። ያ ከተጀመረ ከምሳው ይልቅ ውርደቱን የሚያስታውሱ ልጆች ይወጣሉ።

እግረ መንገድሽን ሁለት ነገር ተመልከቺ። ጭልፋው ለመጀመሪያውም ለመጨረሻውም ልጅ እኩል ይጨልፋል ወይ? ወጥ ከሆነ ምስሩ ከሥር ይዘቅጣልና ካልተማሰለ ፊት የተሰለፈው መረቁን፣ ኋላ የቀረው ፍሬውን ይወስዳል። ከሰዓት ፈረቃ የሚገቡ ልጆች ካሉስ ይበላሉ ወይስ ድስቱ ታጥቦ ይጠብቃቸዋል?

ስለ ወንዱ ልጅሽ ብዙ አልጨነቅም። የስምንት ዘጠኝ ዓመት ልጅ የፈለገው ብስኩቱን ሳይሆን እንደ አክስቱ ልጅ መታየትን ነው። በግድ አታብይው፣ «ድሆች ስለሆንን ነው» ብለሽም አትንገሪው። በጃፓን ትምህርት ቤቶች የሀብታሙም የድሃውም ልጅ አንድ ዓይነት ምሳ ይበላል፤ ልጆቹ ራሳቸው በየተራ ነጭ ሽርጥ ታጥቀው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፣ መምህሩም አብሯቸው ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1889 በአንዲት ቤተ መቅደስ ውስጥ በነበረ ትምህርት ቤት ለድሆች ልጆች የተጀመረ ምሳ ነው ዛሬ የሁሉም የሆነው። የክፍል ኃላፊ መምህሩን አንዳንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ይበሉ ዘንድ ለምኛቸው። መምህሩ የበላውን ልጅ አይንቅም። ቅዳሜም ንፍሮ ቀቅለሽ የአክስቱን ልጅ ጥሪው፤ ሎሚና ትንሽ ሚጥሚጣ ነስንሺበትና አብረው ይሻሙ። ለእናትየው ምንም መልስ አትስጫት። ልጇ ሄዶ ይነግራታል።

አሁን የትልቋ ዳቦ። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዕሬ ከብዶኝ ነው እስከዚህ ያቆየሁት። አትቆጫት፣ «ጎበዝ» ብለሽም አታመስግኛት፤ ካመሰገንሻት ነገ ሙሉውን ታመጣዋለች። የአምስተኛ ክፍል ሴት ልጅ ናት፤ ቁመት የምትጨምርበት፣ ሰውነቷ ለወር አበባ የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው፣ ብረትና ፕሮቲን በጣም ያስፈልጋታል። የእሷ ጭንቀት ግን ስለ ራሷ አይደለም። ትንሹ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚበላ አይታ ነው፤ እናም ልጅቷ ልክ ናት። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ትንሹ ልጅሽ ለትምህርት ቤቱ ድስት ገና ነው፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የሚያልፍ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። በዚህ ሳምንት የቀበሌሽ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዘንድ ውሰጂው፤ ክብደቱና ቁመቱ ይለካ፣ የትል መድኃኒት መቼ እንደወሰደም ይታይ። እንጀራ ስትጋግሪ ከጎንሽ ሆኖ ፍርፋሪ ሲለቅም እንዳይውል፣ የራሱ ሳህን ይኑረው።

ቄቦቹ እንቁላል እስኪጥሉ ከዕቁቡ ላይ በሳምንት ሦስት አራት እንቁላል ግዢለት። ስትሰጪው ግን ቀን ብቻችሁን ስትሆኑ አይሁን። እህቱ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ጠብቂ፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ ስትቀመጥ ያን ጊዜ ላጪለት፣ እሷ እያየች ይብላ።